ኅዳር ሲታጠን ከሳተላይት ለምን አይታይም?

የአራት ኪሎዋ | ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 4:10

ሰላም ቤቶች። ከአራት ኪሎ ነው የምጽፈው። ቢሮዬ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌላ ቀን ከመስኮቴ እንጦጦን አያለሁ፣ ዞር ስል ደግሞ የፒያሳን ጣሪያዎች። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ጭስ ብቻ። ኅዳር ሲታጠን ነዋ! ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከየግቢው ቆሻሻ እየተጠረገ፣ በየቱቦው ዳር እየተከመረ ይቃጠላል። ከግንፍሌ እስከ ቢሮ ድረስ ብቻ አሥራ ሰባት እሳት ቆጥሬአለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን በሰደድ እሳትና በሪሞት ሴንሲንግ ላይ ልሠራ ነው። ትናንት ማታ ፈርምስ የሚባለውን የናሳ የእሳት ካርታ ከፈትኩ። ደቡብ ሱዳን በቀይ ነጥብ ተዥጎርጉሯል። ጋምቤላና ቤኒሻንጉልም ጀምረዋል። "ነገ አዲስ አበባም ትቀላለች" ብዬ ተኛሁ። አሁን ብከፍተው ከተማዋ ላይ አንድም ነጥብ የለም። ታዲያ ዓይኔ የሚያለቅሰው በምንድን ነው?

ሸገር ልጅ | 4:16

ናሳም ሚካኤልን ሊሳለም ሄዶ ይሆናል።

ባለካርታው | 4:48

እኔም ካዛንቺስ ሆኜ ያንኑ እያየሁ ነው። ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ካርታው ግን ንጹሕ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዪ። ካርታው ቪዲዮ አይደለም። እሳት የሚይዙልን ዋናዎቹ ሳተላይቶች ሱሚ ኤንፒፒ፣ ኖዋ 20 እና ኖዋ 21 ናቸው። ሦስቱም ቪርስ የሚባል አንድ ዓይነት መሣሪያ ተሸክመዋል። በእኛ ላይ የሚያልፉት ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት መካከል ነው፤ ሌሊትም እንደዚሁ በዚያው ሰዓት ግድም። አንቺ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የከፈትሽው የሌሊቱን ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማን ቆሻሻ ያቃጥላል? ጠዋት የምታልፍ ቴራ የምትባል አለች፣ እሷ ግን እንደ ፈረንጆቹ በ1999 መጨረሻ የተተኮሰች አሮጊት ናት። ሞዲስ የተባለው መሣሪያዋ አንዱ ፒክስል፣ ማለት የምስሉ ትንሿ ካሬ፣ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ነው። በድሮው ስፍር ሁለት ጋሻ ተኩል መሬት በይው። በዚያ ላይ ሳተላይቱ ካለፈ በኋላ መረጃው ካርታው ላይ እስኪወጣ እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል።

ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ ፈርምስ ሰዓቱን የሚጽፈው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው። ሰው 3 ይደምራል፣ ከዚያ ወደ ሐበሻ ሰዓት ለመመለስ 6 ይቀንሳል፣ መሐል ላይ ይምታታበታል። ዝም ብለሽ 3 ቀንሺ። 10:50 ካለሽ ከቀኑ 7:50 ነው። በቃ።

ሌላው መጠኑ ነው። የቪርስ ፒክስል 375 ሜትር በ375 ሜትር ነው። 14 ሄክታር ይሆናል፣ ወደ 20 የኳስ ሜዳ። አንቺ የቆጠርሻቸው ክምሮች እያንዳንዳቸው ስንት ናቸው? አንድ ካሬ? ከ140 ሺህ ካሬ ውስጥ አንዷን ካሬ ፈልጊ እንደማለት ነው።

የአራት ኪሎዋ | 5:02

የሰዓቱ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። 3 መቀነሱን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ፒክስሉ 14 ሄክታር ከሆነ፣ ከ14 ሄክታር ያነሰ እሳት ጨርሶ አይታይም ማለት ነው?

ባለካርታው | 5:30

አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ቡና የሚፈላበትን ከሰል አስቢ። ስታራግቢው ይቀላል። አብዝተሽ ስታራግቢው ወደ ቢጫ ይሄዳል። ነገር በጋለ ቁጥር የሚያወጣው ጨረር ሞገዱ እያጠረ ነው የሚሄደው። 27 ዲግሪ ያለው ተራ መሬት ጨረሩ የሚበረታው 10 ማይክሮን አካባቢ ነው (ማይክሮን የሜትር ሚሊዮንኛ ነው)። የሚነድ ሣር ግን ብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ ጉልበቱ 4 ማይክሮን አካባቢ ነው የሚወጣው። በዚህ ሞገድ ሲታይ 700 ዲግሪ ገደማ የጋለ ነበልባል ከጎኑ ካለው መሬት በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። በ11 ማይክሮን ግን ልዩነቱ ሠላሳ እጥፍ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ እሳቱ ፒክስሉን መሙላት የለበትም። የፒክስሉ አንድ ሺህኛ እንኳ ከነደደ 4 ማይክሮኑ ይዘላል፣ 11 ማይክሮኑ ብዙም አይነቃነቅም። ኮምፒውተሩ የሁለቱን ልዩነት ያይና ከጎረቤት ፒክስሎች ጋር ያስተያያል። ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ከወጣ ነጥብ ይጥልበታል። አንድ ሺህኛው ስንት ነው? 140 ካሬ። የአንድ ደህና ግቢ ስፋት። የኅዳር ቆሻሻ ደግሞ መጠኑ ከማነሱም በላይ እርጥብ ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ለሳንባሽ ጭሱ ነው የሚብሰው፣ ሳተላይቱ የሚፈልገው ግን ነበልባሉን ነው።

የጥንት አራዳ | 6:15

ልጆቼ፣ ጥሩ ነገር ስታወሩ ደረስኩ። ይህ ጭስ የመጣው ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ነው። ፈረንጆቹ ስፓኒሽ ፍሉ የሚሉት። እናቴ ከእናቷ የሰማችውን ስትነግረን፣ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው በየዓመቱ ሰፈር ተጠርጎ የሚታጠነው። እኔ ግን አስም አለብኝ። ዛሬ መስኮት ዘግቼ፣ በጨርቅ ደፍኜ ነው የዋልኩት። ያ ሳተላይት የእኔን ግቢ ባያይ ይሻላል፣ የልጅ ልጆቼ ጠዋት ጎማ ሊያቃጥሉ ሲሉ ነው የያዝኳቸው።

ሸገር ልጅ | 6:20

ጋሼ፣ ጎማ ቢሆን ኖሮ እኮ ነጥብ እናገኝ ነበር!

የአራት ኪሎዋ | ከምሽቱ 12:05

አንድ ነጥብ!!! የቀኑ መረጃ ገባ። መሐል ከተማው ላይ አሁንም ባዶ ነው። ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በደቡብ በኩል አንድ ቀይ ነጥብ አለ። ሰዓቱ 10:58፣ ያው 3 ስቀንስ 7:58። እዚያ አካባቢ የሚኖር ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። "ውጣና እሳት ካለ እይልኝ" አልኩት። ስልኩን እንደያዘ ወጣ። "ምንም የለም" አለኝ። "ወደ ፀሐይ መግቢያ ዞር በል" አልኩት። "ያለው ብረት የሚያቀልጠው ፋብሪካ ብቻ ነው። እሱ ሁሌም ያለ ነው" አለኝ።

ሁሌም ያለ ነው።

የአንድ ዓመት መረጃ አውርጄ አየሁ። እውነትም እዚያው ቦታ፣ ክረምት ከበጋ፣ ነጥብ በነጥብ ነው።

ባለካርታው | 12:20

እንኳን ደስ ያለሽ፣ አንዱን ትልቅ ትምህርት በአንድ ስልክ ተማርሽ። መሣሪያው "እሳት" አላለም። "ከጎረቤቱ የተለየ ሙቀት" ነው ያለው። አፋር ላይ ኤርታ አሌን ክፈቺ፤ ዓመቱን ሙሉ ይቀላል፤ እዚያ ግን የሚቃጠል ሣር የለም። ቀን ቀን ደግሞ ፀሐይ ያረፈበት ቆርቆሮም አንዳንዴ ያሳስታል። ከወራት በኋላ ተጣርቶ በሚወጣው የቪርስ መረጃ ላይ ዓይነት የሚል ዓምድ አለ። 0 የዕፅዋት እሳት ሊሆን የሚችል፣ 1 እሳተ ገሞራ፣ 2 እንደ ፋብሪካ ያለ አንድ ቦታ የማይጠፋ ሙቀት። በዕለቱ የሚወጣው ላይ ግን ይህ ዓምድ የለም። ራስሽ ነሽ የምታጣሪው።

ጓሳ | ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 3:35

እኔ ካርታ አልሠራም። ተራራ ላይ ስካውት ነበርኩ። አሁን ልጆች ለማስተማር ብዬ አዲስ አበባ ገብቻለሁ፣ ለገሐር አካባቢ ጥበቃ ነኝ። ሌሊት ሌሊት ይህን ገጽ አነባለሁ።

አስታ፣ ያ የደጋው ቁጥቋጦ፣ ሲቃጠል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቅጠሉ ዘይት አለው መሰለኝ፣ እርጥቡ ራሱ እየተንጣጣ ይነድዳል። ድምፁ ቆሎ ሲቆላ ነው። እኛ የነበረን ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ነው። እየቆረጥን እንመታዋለን። ውሃ የለም፣ መኪና አይወጣም። ቀን ያጠፋነው ሌሊት ከሥር ይነሳል። መሬቱ ራሱ፣ የበሰበሰው ሥር ውስጥ ለውስጥ ይበላል። በ2011 ስሜን ሲቃጠል ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጣ። ገደሉ ላይ ግን ማን ይወርዳል? እሳቱ ወርዶ ወርዶ ጭላዳ ብቻ የሚረግጠው ቦታ ገባ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያኔ አለቃችን አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ነጥብ ያለበት። "እሳቱ እዚህ ነው" ብሎ ከሸንተረሩ ማዶ ላከን። ሁለት ሰዓት ተጉዘን ደረስን። አልነበረም። ተመልሰን ስናይ ከሸንተረሩ ወዲህ ነው የነበረው። ለምን?

ባለካርታው | 4:10

ጓሳ፣ ወንድሜ፣ የደረሰባችሁ ያናድዳል። ነጥቡ የፒክስሉ መሐል ነው፣ የእሳቱ ቦታ አይደለም። እሳቱ በዚያ 375 ሜትር ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ ሳተላይቱ ከራሳችሁ በላይ በቀጥታ ሲያልፍ ነው። በጎን በኩል በሩቅ ሲያያችሁ ፒክስሉ ይለጠጣል፤ ቪርስ እስከ 800 ሜትር ግድም፣ ሞዲስማ ጠርዝ ላይ ወደ 5 ኪሎ ሜትር በ2 ይሆናል። ሜዳ ላይ ቢሆን ጭሱን አይታችሁ ታስተካክሉ ነበር። ሸንተረር ላይ ግን አንድ ፒክስል ማለት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ወረቀቱን የሰጣችሁ ሰው ነጥብ ሳይሆን ካሬ ስሎ መስጠት ነበረበት።

ጓሳ | 4:22

ካሬ ቢሰጠን ኖሮ ሁለት ቡድን ሆነን እንሄድ ነበር።

ስሌት | 5:40

የጓሳን ሳነብ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። ስም አልጠራም። አንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪነት እሠራ ነበር። አንድ ተራራማ አካባቢ ተቃጠለ፣ "በአስቸኳይ ስንት ሄክታር እንደሆነ አቅርብ" ተባልኩ። የሳምንቱን ነጥብ አወረድኩ፤ 40 ነጥብ። 40 ሲባዛ በ14፣ 560 ሄክታር። በቀይ ቀለም አሳምሬ ስላይድ ላይ ጻፍኩት። ስብሰባው ላይ ከቦታው የመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ይህን ያህል አስታ እኛ ጋ የለም እኮ" አሉኝ። ቤቱ ሳቀ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ምን ነበር ስህተቱ? አንዱኑ እሳት ሦስት ሳተላይት፣ ቀንና ሌሊት፣ ለተከታታይ ቀናት አይተውታል። አንዱን እሳት ደጋግሜ ነው የቆጠርኩት። ከዚያ ላይ ከ14 ሄክታሩ ውስጥ የነደደው ጥግ ብቻ ሊሆን ይችላል። በኋላ ሴንቲኔል 2 በሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል ጠባሳውን ስለካው መቶ ሄክታር እንኳ አልሞላም።

በነገራችን ላይ ተቃራኒውም አለ። ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በፈረንጅ 2016 በሴንቲኔል 2 የለኩ ተመራማሪዎች፣ የሞዲሱ የተቃጠለ መሬት ካርታ ከሚለው 80 በመቶ የሚበልጥ ነው ያገኙት። ትንንሾቹ የገበሬና የአርብቶ አደር እሳቶች በትልቁ ፒክስል ሾልከው ያልፋሉ። ስለዚህ ነጥቡ አንዳንዴ ያጋንናል፣ አንዳንዴ ይውጣል።

የአራት ኪሎዋ | 6:30

ስሌት፣ ምስጋና ይገባሃል፤ እኔ ያንን ማባዛት ልሠራ ነበር! ጠባሳውን እንዴት ለካኸው? ሂደቱን ትነግረኛለህ?

ስሌት | 7:45

ጤነኛ ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ አብዝቶ ይመልሳል። ውሃ ስላለው ደግሞ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬዱን ይውጣል። ሲቃጠል ነገሩ ይገለበጣል። የመጀመሪያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው ይነሳል። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ቀንሰሽ በድምራቸው ታካፍያለሽ። በሴንቲኔል 2 ባንድ 8 እና ባንድ 12 የሚባሉት የሞገድ ክፍሎች ናቸው። ኤንቢአር ይባላል። ከእሳቱ በፊት ካለው ምስል የኋላውን ስትቀንሺ የተቃጠለው ጎልቶ ይወጣል። ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ አሥር መስመር ኮድ ነው፤ ኪውጂስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ላይም ይሠራል። ባንድ 12 አንዱ ፒክስሉ 20 ሜትር ነው፣ 400 ካሬ። ከ14 ሄክታሩ ጋር አስተያዪው።

ሆኖም ሁለት ወጥመድ ውስጥ ገብቼአለሁ። አንዱ፣ ምስሎቹ የተራራቁ ነበሩ። በመካከል ጤፍ ታጭዷል። ማሳው ሁሉ "ተቃጠለ" ብሎ ወጣ! ሌላው የመነጣጠያው ቁጥር ነው። ልዩነቱ 0.27 ሲያልፍ ቃጠሎው መካከለኛ፣ 0.66 ሲያልፍ ከባድ የሚለው ሠንጠረዥ የመጣው ከአሜሪካ ደኖች ነው። አስታና የጓሳ ሣር ላይ እንዳለ መለጠፍ የጎረቤትን ጫማ አድርጎ ተራራ መውጣት ነው። ቦታው ድረስ ሂጂና ልኬትሽን እዚያ አስተካክዪ።

ባለካርታው | 8:05

እኔ የምጨምረው ጊዜን ነው። ሴንቲኔል 2 በየ5 ቀኑ ነው የሚመጣው፣ ላንድሳት 8 እና 9 ተደምረው በየ8 ቀኑ። ደን ላይ ጠባሳው ለወራት ይቆያል፣ ችግር የለም። ጋምቤላ ሣር ላይ ግን ዝናብ አንዴ ከጣለ በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ነው። ደመና ከተደረበበት አለቀ። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሜቴኦሳት የሚባለውን የአየር ሁኔታ ሳተላይት ይይ። ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ አፍሪካን አፍጥጦ ነው የሚያየው፣ አዲሱ ትውልድ በየ10 ደቂቃው። ዋጋው ፒክስሉ ትልቅ መሆኑ ነው። ፈጣንም ጥርትም ያለ አንድ ላይ አይገኝም።

ሸገር ልጅ | 8:11

የራሳችን ሳተላይትስ? ያቺ ታኅሣሥ 2012 ከቻይና የተተኮሰችው?

ባለካርታው | 8:30

ኢቲአርኤስኤስ 1። ከእንጦጦ ነበር የሚያዟት። 72 ኪሎ የምትመዝን፣ ሰብልና ውሃ፣ ደንና መሬት ለማየት የተሠራች ናት። የምታነበው ቀለምና ቅርብ ኢንፍራሬድ ነበር እንጂ ሙቀት አልነበረም። የሚነድ እሳት ለመያዝ አልተሠራችም።

የጥንት አራዳ | 9:00

እኔ የማስታውሰው የ1992ቱን የባሌና የቦረና እሳት ነው። ሬዲዮው በየቀኑ እሱን ነበር የሚያወራው። ያኔ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተማሪ እየጫነ ይልክ ነበር። እሱም በዚያ ካርታ ላይ ይገኛል?

ስሌት | 9:25

ጋሼ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የጠየቁት። አይገኝም። እሳቱ በፈረንጅ የካቲት 2000 ነው የጀመረው። ቴራ ዓይኗን የገለጠችው በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነው። የፈርምስ መዝገብ ደግሞ የሚጀምረው ከኅዳር 2000 ነው፣ ይህም በፈረንጅ። ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ የበላ እሳት በጥቂት ወራት አመለጠው። ጠባሳውን ማየት የሚፈልግ የላንድሳት 7ን ምስል ያውርድ፣ በነፃ ነው። እርስዎ የሚያስታውሱትን ግን ይጻፉልን፣ እሱ የትም አይገኝም።

ባሮ ዳር | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2:15

ከጋምቤላ ነኝ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አራት ኪሎዋ እህቴ፣ ቀይ ነጥብ አይተሽ እንዳትደነግጪ። እዚህ በዚህ ወቅት ሣር ማቃጠል አዲስ ነገር አይደለም። ሣሩ ገና ትንሽ እርጥበት ይዞ ሳለ ከተቃጠለ እሳቱ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ዛፉን አይነካም። ለከብቱም አዲስ ቡቃያ ይወጣል። የሚያስፈራው የካቲት ላይ የሚነሳው ነው። ካርታው ሁለቱንም እኩል ነው የሚያቀላው።

ነገ እኛ በካምፓችን ዙሪያ የእሳት መከላከያ መስመር እናቃጥላለን። ርዝመቱ 200 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር ይሆናል። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እንለኩሳለን። ከወንዙ ወዲህ ነን። እስቲ ካርታሽ ላይ እይው፣ ይይዘን እንደሆነ።

የአራት ኪሎዋ | 2:20

ወይኔ! ዳታ ሞልቼ እጠብቃለሁ። 2000 ካሬ፣ ማለት ከአንድ ሺህኛው ከአሥር እጥፍ በላይ። መያዝ አለበት።

ባለካርታው | 2:31

ሁሉም በአንድ ጊዜ ከነደደ ነው። ጫፉ ጠፍቶ መሐሉ ሊነድ ይችላል። ደመና እንዳይኖርም ጸልዪ።

የአራት ኪሎዋ | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 11:50

ገባ!!! አንድ ነጥብ። 10:52፣ 7:52 ማለት ነው። የእርግጠኝነት ደረጃው መካከለኛ። ግን ወንድሜ፣ ነጥቡ የወደቀው ከወንዙ ማዶ ነው።

ባሮ ዳር | 11:58

አውቄአለሁ። ከማዶ ያሉት ካርታውን በስልክ አይተው ደውለውልኛል፤ "እኛ ጋ እሳት የት አለ?" እያሉ ነው። ዳቦ ይዘን ነገ በጀልባ ይቅርታ ልንጠይቅ ነው።

ጓሳ | ከምሽቱ 12:40

ካሬ ሳሉ ብያችኋለሁ።